ቤቱን ለማን ልጻፍ?

 

ባለፈው ሳምንት ከተራዊሕ በኋላ ሰዉ ሲበተን አንድ ስድሳን ያለፉ አባት ጫማቸውን በእጃቸው እንደያዙ የመስጊዱ በረንዳ ላይ ጠበቁኝ። እዚህ ሐዋሳ ገበያ ውስጥ ለብዙ ዓመት የነገዱ፣ በሰፈሩ የተከበሩ ሰው ናቸው። «ሼኽ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ ነበር» አሉኝ። «ዕድሜዬ ሄዷል፣ ስኳርም አለብኝ። ቤቱን ከሁለቱ ልጆቼ ለማን ልጻፍ? ትልቁ ሱቁን ይዞልኛል፤ ትንሹ ደግሞ ገና ራሱን አልቻለም።»

«ሴት ልጅ የለዎትም?» አልኳቸው።

«አለች። እሷማ ጂዳ ናት» አሉ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ከጓሮ ያሉትን አራት ሰርቪስ ክፍሎች እንኳ የሠራነው እሷ በላከችው ብር ነው» ብለው ጨመሩ።

በዚያ ሌሊት ከእሳቸው ጋር የተነጋገርነውን ለእናንተም ላካፍል ወደድኩ። ጥያቄው የእሳቸው ብቻ አይደለምና። በየረመዳኑ፣ በተለይ ልብ በሚለሰልስባቸው በመጨረሻዎቹ ሌሊቶች፣ አባቶችና እናቶች ይኸንኑ ይጠይቁኛል። ሳይጠይቁ የሞቱት ደግሞ ልጆቻቸው ከለቅሶው ድንኳን ሳይወጡ ተጣልተው ይመጣሉ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል።

ወራሾቻችን ተመርጠዋል

ለኚያ አባት የሰጠሁት የመጀመሪያ መልስ፣ «ቤቱን ለማንኛቸውም አይጽፉም» የሚል ነበር። ደነገጡ። ምክንያቱን ለማስረዳት ከኡሑድ ዘመቻ በኋላ የሆነውን ነገርኳቸው።

ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ.) በዚያ ዘመቻ ሸሂድ ሆነ። ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን ትቶ ነበር። የልጆቹ አጎት በጊዜው በነበረው ልማድ ንብረቱን ጠቅልሎ ወሰደ። ሚስቲቱ ልጆቿን ይዛ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ መጣችና አጎታቸው ምንም እንዳላስቀረላቸው፣ ገንዘብ ከሌላቸው ደግሞ የሚያገባቸው እንደማያገኙ ተናገረች። ነቢዩም አላህ በጉዳዩ እንደሚፈርድ ነገሯት። ከዚያም የውርስ አንቀጽ ወረደ። አጎትየው ተጠርቶ ሁለት ሦስተኛውን ለሁለቱ ልጆች፣ አንድ ስምንተኛውን ለእናታቸው እንዲሰጥ ታዘዘ። ለእሱ የቀረለት የተረፈው ነው።

ሚራስ የሴትን ድርሻ ለመንፈግ የመጣ የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ታሪክ ደግሞ ደጋግሞ ያስብ። አንቀጹ የወረደው ለአንዲት ባሏ ለሞተባት እናትና ለሁለት ልጃገረዶች ነው።

ድርሻዎቹ በሱረቱ ኒሳእ በአንቀጽ 11፣ 12 እና 176 ተዘርዝረዋል። ሟች ልጅ ካለው ሚስት አንድ ስምንተኛ፣ ልጅ ከሌለው ሩብ ታገኛለች። ባል ደግሞ ሟች ሚስቱ ልጅ ካላት ሩብ፣ ከሌላት ግማሽ ያገኛል። ሟች ልጅ ካለው እናትና አባት እያንዳንዳቸው አንድ ስድስተኛ አላቸው። ወንዶችና ሴቶች ልጆች አብረው ሲወርሱ ለወንዱ የሁለት ሴቶች ድርሻ ይሆናል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ ለባለ መብት ሁሉ መብቱን ስለሰጠ ለወራሽ ኑዛዜ እንደሌለ አሳውቀዋል። ለአንዱ ወራሽ በኑዛዜ የተጨመረለት ነገር ቢኖር፣ በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ፣ የሚጸናው ሌሎቹ ወራሾች ከሞቱ በኋላ ወደው ከፈቀዱለት ብቻ ነው።

እንግዲህ «ለማን ልጻፍ?» ብለን ስንነሣ ከባዱን ምርጫ አላህ አንስቶልናል። የትኛው ልጅ ይበልጥ እንደሚጠቅመን እኛ እንደማናውቅ እዚያው አንቀጽ 11 ላይ ተነግሮናል። ታዲያ ለእኛ የቀረልን ምንድን ነው? ሦስት ነገር ቀርቶልናል፤ የሰውን ሐቅ መለየት፣ የሲሶውን ተቀባይ መምረጥ፣ በሕይወት እያለን በልጆቻችን መካከል ፍትሐዊ መሆን።

መጀመሪያ የሰው ሐቅ

ከሟች ንብረት መጀመሪያ የቀብር ወጪ ይነሣል። ቀጥሎ ዕዳ ይከፈላል። ከዚያ ኑዛዜ ይፈጸማል። ወራሾች የሚካፈሉት ከዚህ ሁሉ የተረፈውን ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጀናዛ ሲቀርብላቸው ዕዳ አለበት ወይ ብለው ይጠይቁ ነበር። ሁለት ዲናር ዕዳ ያለበት ሰው ሲቀርብ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) እኔ እከፍላለሁ እስኪሉ ድረስ አልሰገዱበትም። ሁለት ዲናር ይህን ያህል ከከበደ፣ ያልተጻፈ የመቶ ሺህ ብር ዕዳ ምን ያህል ይከብዳል?

ስለዚህ የኑዛዜያችሁ የመጀመሪያ ገጽ የዕዳ ገጽ ይሁን። ከነጋዴ በዱቤ የወሰዳችሁት፣ እቁብ ቀድሞ ደርሷችሁ ገና የምትጥሉት ቀሪ፣ ሰው አደራ ብሎ ያስቀመጠው ወርቅ፣ ሳይወጣ የቀረ ዘካ ይጻፍ። ለሚስታችሁ ቃል ገብታችሁ ያልከፈላችሁት መህርም ዕዳ ነው። ብዙዎቻችን መህር ማለት ኒካሕ ላይ የሚነገር ቁጥር ብቻ ይመስለናል። ሚስት ግን አንድ ስምንተኛዋን ከመውሰዷ በፊት እንደማንኛውም ባለ ገንዘብ መህሯን ትጠይቃለች።

ቀጥሎ የማን ንብረት የማን እንደሆነ ይለይ። ከተማችን በንግድ የምትኖር ናት። ባል ዕቃ ለማምጣት ሲመላለስ ሱቁን ከፍታ የምትውለው፣ ሒሳቡን የምትይዘው ሚስት ናት። የንግድ ፈቃዱ ግን በእሱ ስም ነው። ባል ሲሞት ወንድሞቹ ይመጡና ሱቁን ሁሉ የሟች ብለው ቆጥረው ለእሷ አንድ ስምንተኛ ይሰጧታል። ይህ ዙልም ነው። የሀገራችን የቤተሰብ ሕግም በትዳር ውስጥ የተፈራውን ንብረት በመርሕ ደረጃ የጋራ አድርጎ ነው የሚያየው። የእሷ የሆነው መጀመሪያ ወጥቶ፣ ከባሏ ድርሻ ላይ ነው አንድ ስምንተኛው የሚሰላው።

የኚያ አባት ሰርቪስ ቤትም እዚህ ላይ ይመጣል። «ልጅዎ ብሩን የላከችው ለእርስዎ ስጦታ ብላ ነው? ብድር ነው? ወይስ ስመለስ የምገባበት ብላ ነው?» አልኳቸው። አያውቁም፤ ጠይቀዋት አያውቁም። ስጦታ ከሆነ ንብረቱ የእሳቸው ነው፤ ሲሞቱ በሚራስ ይከፈላል። ብድር ከሆነ ዕዳ ነው። ለራሷ ያሠራችው ከሆነ ደግሞ የእሷ ነው፤ ከውርሱ ውስጥ አይገባም፣ ወንድሞቿም አይካፈሉትም። «ደውለው ይጠይቋት፤ የምትለውንም ይጻፉ» አልኳቸው። በዓረብ ሀገር የሰው ቤት እያጠበች የላከችው ብር በወንድሟ ስም ካርታ የወጣበትን እኅት ስንት ጊዜ አይተናል! ስትመለስ የምታገኘው የእንግዳ ፍራሽ ነው።

አንድ የሚያሳፍር ነገርም ልጨምር። ሌላ ከተማ ሌላ ትዳር ወይም ልጅ ያላችሁ ወንዶች፣ በኑዛዜያችሁ አስታውቁ። ሚስቶች ሁለትም ይሁኑ አራት ያንኑ አንድ ስምንተኛ ወይም ሩብ በእኩል ይካፈላሉ። በትዳር የተወለዱት ልጆች ሁሉ፣ እናታቸው የተፈታች ብትሆንም፣ ወራሾች ናቸው። በቀብር ዕለት «እኔም ልጁ ነኝ» የሚል ወጣት ሲመጣ ማየት ለሁለቱም ቤተሰብ ቁስል ነው። ያን ቁስል ማዳን የሚችለው ሟች ነበር።

ሲሶው ለማን?

አሁን ወደ እውነተኛው ምርጫ ደረስን። ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) መካ ላይ ታመሙ። በጊዜው የነበረቻቸው አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ነበረች። ከንብረታቸው ሁለት ሦስተኛውን ሰደቃ ሊያደርጉ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠየቁ፤ ተከለከሉ። ግማሹንም ተከለከሉ። ሲሶ ተፈቀደላቸው፤ ሲሶም ብዙ እንደሆነ ተነገራቸው። ወራሾችን በሰው እጅ ከማስገባት ራሳቸውን የቻሉ አድርጎ መተው እንደሚሻልም ነቢዩ አስረዷቸው። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ሰዎች ከሲሶ ወደ ሩብ ዝቅ ቢያደርጉ ይመርጡ ነበር።

ይህ ሲሶ ሚራስ ለማይደርሳቸው ነው። በእኛ ከተማና በእኛ ቤቶች ውስጥ እነማን ናቸው?

የመጀመሪያው አባቱ የሞተበት የልጅ ልጅ ነው። አያት በሕይወት እያለ ልጁ ቢሞት፣ ሌሎች ወንዶች ልጆች ካሉ፣ የሟቹ ልጆች ከአያታቸው አይወርሱም። አጎቶች ቤቱን ሲካፈሉ የቲሞቹ በር ላይ ቆመው ያያሉ። ግብፅ ለዚህ ችግር በ1946 እ.ኤ.አ. በወጣው የኑዛዜ ሕጓ ቁጥር 71 መላ አበጅታለች። አያት ባይናዘዝ እንኳ ከሲሶው ሳያልፍ የአባታቸው ድርሻ ይደርሳቸው የነበረው እንዲሰጣቸው ደንግጋለች። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ግዴታ የለም። ስለዚህ ብዕሩ በአያትየው እጅ ነው።

ሁለተኛው ያሳደግነው ልጅ ነው። ጉዲፈቻ በሀገራችን የቆየ ደግ ልማድ ነው፤ የቲም ማሳደግ ደግሞ ታላቅ ምንዳ አለው። በሸሪዓ ግን ያሳደግነው ልጅ በሚራስ አይወርስም። «ልጄ» ብለን አሳድገን፣ ስንሞት ዘመዶቻችን ልብሱን አስይዘው እንዲያስወጡት ከተውነው ያሳደግንበትን ደግነት ራሳችን አፈረስነው።

ሦስተኛው ሙስሊም ያልሆነ ወላጅ ወይም ዘመድ ነው። በሐዋሳ ከክርስቲያን ቤተሰብ የሰለሙ ብዙ ወንድሞችና እኅቶች አሉን። ሙስሊምና ሙስሊም ያልሆነ በሚራስ እንደማይወራረሱ ሐዲስ አለ። አብዛኛው ዑለማ የሚለውም ይህንኑ ነው። ግን በኑዛዜ መስጠት ይፈቀዳል። የነቢዩ ባለቤት ሶፊያ (ረ.ዐ.) ይሁዲ ለነበረ ዘመዳቸው መናዘዛቸው ተዘግቧል። ዘጠኝ ወር የተሸከመች እናት ልጇ ሲሞት ባዶ እጇን ከለቅሶ ብትመለስ፣ ስለ እስልምና ምን ትላለች? ከሲሶው ለእሷ መጻፍ ለእናት የሚደረግ በጎ ሥራ ነው፤ ለዲናችንም ምስክር ነው።

አራተኛው በቤታችን ስታገለግል የኖረች ሠራተኛ፣ ጎረቤት ያለ ድሃ፣ የሚማር ደረሳ፣ መድረሳና መስጊድ ናቸው። ስለ መስጊድ ግን ኢማም ሆኜ ልናገር፤ ከእኔ አፍ ቢሰማ ይሻላልና። ወራሾቹ የቤት ኪራይ መክፈል ያቃታቸው ሰው ሲሶውን ሁሉ ለመስጊድ ልስጥ ቢለኝ፣ እኔ የምመልሰው ሰዕድ የተነገራቸውን ነው። መስጊድ ከልጆችህ ጉሮሮ ላይ የተነሣ ምንጣፍ አይፈልግም። ሀብታም ከሆንክ፣ ልጆችህም ራሳቸውን ከቻሉ፣ ያን ጊዜ ወቅፍ አድርግ፤ አላህ ይቀበልህ።

በቁጥር እንየው። አንድ ሰው ሞተ እንበል። የሚስቱ የሆነው ተለይቶ የእሱ ድርሻ 2,500,000 ብር ሆነ። ያልተከፈለ መህርን ጨምሮ 100,000 ብር ዕዳ አለበት፤ ሲከፈል 2,400,000 ይቀራል። አባቱ የሞተበት የልጅ ልጅ ስላለው አንድ አስረኛውን፣ 240,000 ብር፣ ተናዝዞለታል። የቀረው 2,160,000 ነው። ወራሾቹ ሚስት፣ እናት፣ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ናቸው። ሚስት በአንድ ስምንተኛ 270,000፣ እናት በአንድ ስድስተኛ 360,000 ያገኛሉ። የተረፈው 1,530,000 አምስት ቦታ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ወንድ 612,000፣ ሴቷ 306,000 ትወስዳለች። ኑዛዜው ባይኖር ኖሮ ወንዱ የሚያገኘው 680,000፣ ሴቷ 340,000 ነበር። ለአንድ የቲም ሕይወት የተከፈለው ዋጋ ይህ ብቻ ነው። ማን ተጎዳ?

በሕይወት እያሉ መስጠት

«ኑዛዜው ከተከለከለ እንግዲያስ ዛሬውኑ ስሙን ላዙርለት» የሚሉ አሉ። ኑዕማን ኢብኑ በሺር (ረ.ዐ.) ልጅ ሳሉ አባታቸው ስጦታ ሰጧቸውና ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ምስክር ሊያደርጉ ሄዱ። ነቢዩ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነበር፤ ለሌሎቹም ልጆችህ እንዲሁ ሰጥተሃል? አልሰጠሁም ሲሉ አላህን ፈርተው በልጆቻቸው መካከል ፍትሐዊ እንዲሆኑ ነገሯቸው፤ ስጦታውም ተመለሰ።

ፍትሕ ማለት የታመመውን ማሳከም፣ የሚማረውን ማስተማር አይደለም የሚል የለም። ለአንዱ የሚያስፈልገው ለሌላው ላያስፈልገው ይችላል። ነገር ግን ቤት በውሸት የሽያጭ ውል ለወንድ ልጅ ማዞር፣ ሴቶቹ እንዳይደርስባቸው ተብሎ የሚደረግ ብልሃት፣ የአላህን ድንበር ከኋላ በር ማለፍ ነው። በሞት ሕመም ላይ ሆኖ የተሰጠ ስጦታም በፊቅህ እንደ ኑዛዜ ነው የሚታየው።

ሱቁን የያዘው ልጅ ግን የደከመበት አለው። ለኚያ አባት ያልኳቸው፣ «ደመወዝ ወይም የትርፍ ድርሻ ይቁረጡለት፤ ለሠራበት ዛሬ ይክፈሉት» ነው። ለሠራተኛ ደመወዝ መክፈል ማበላለጥ አይደለም። ያልተከፈለ ድካምን በኑዛዜ እከፍላለሁ ማለት ግን ወንድማማቾችን ማጋጨት ነው።

እኅቶቻችንና ይሉኝታ

አሁን የራሴን ልናገር። ልጅ ሆኜ ሚራስን በግጥም የሚያስተምረውን ረሕቢያን በቃሌ ይዤ ነበር። የማንም ቤተሰብ ቢመጣ ድርሻውን በቃሌ እከፍልለታለሁ። አባቴ ሲሞቱ ግን ቤታቸውንና ትንሿን ሱቅ እኔና ወንድሞቼ ይዘን ቀጠልን። እኅታችን አግብታ ነበር። አንድ ቀን ቡና ላይ «ትቼላችኋለሁ፤ ከወንድሞቼ ጋር በገንዘብ አልነጋገርም» አለች። እኛም ደስ አለን። «አላህ ይስጥሽ» አልናት።

ዓመታት አለፉ። ባሏ ታመመና ቸገራት። የልጆቿን ደብተር መግዣ ከሰው እንደተበደረች ሰማሁ። የአባቷ ቤት ኪራይ እኛ ኪስ ውስጥ ነው፤ እሷ ግን ከጎረቤት ትበደራለች። ያን ሌሊት አልተኛሁም። «ትቼላችኋለሁ» ያለችው ወዳ ነበር ወይስ በይሉኝታ? የአንድ ሙስሊም ገንዘብ ያለ ልቡ ፈቃድ ሐላል እንደማይሆን በየጁሙዓው የማስተምር እኔ ነኝ። ወንድሞቼን ሰብስቤ ድርሻዋን ከነኪራዩ አስልተን ሰጠናት። መጀመሪያ አልቀበልም አለች። ቆይታ ግን አለቀሰች። በዚያ ለቅሶ ውስጥ የእነዚያን ዓመታት ሁሉ መልስ ሰማሁት።

ወንድሞቼ፣ እኅታችሁ ድርሻዋን ሳትይዝ፣ ስንት እንደሆነም ሳታውቅ «ተውኩት» ብትላችሁ አትመኑ። መጀመሪያ በእጇ ስጧት። ከዚያ ከፈለገች ትስጣችሁ። ወንድ ልጅ እጥፍ የሚወስደው መህር ስለሚከፍል፣ ቤተሰብ ስለሚቀልብ፣ ያላገባችን እኅትና አቅም ያጣች እናትን ስለሚሸከም ነው። ሸክሙን ጥሎ እጥፉን ብቻ የሚያነሣ ወንድ በአኺራ ምን ብሎ ይመልሳል?

በሕግ ፊት የሚቆም ወረቀት

ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሐዲስ፣ የሚናዘዝበት ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜው ሳይጻፍ ሁለት ሌሊት ማደር እንደሌለበት ተነግሮናል። እኛ ሃያና ሠላሳ ዓመት እናድራለን። ጽፈን የሚቆይ ወረቀት እንዲሆን ደግሞ የሀገሩን ሕግ ማወቅ ይገባል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡ በወረቀቱ ላይ ተገልጾ ተናዛዡና ምስክሮቹ ወዲያው መፈረም አለባቸው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። በተናዛዡ ጽሕፈት የሚደረገው ደግሞ ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ መጻፍ አለበት፤ ኑዛዜ መሆኑም ይገለጽበት። ይህኛው በተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳል። የቃል ኑዛዜ ለሁለት ምስክሮች የሚነገር ነው፤ ለአንድ ሰው ከ500 ብር በላይ ግን በቃል መስጠት አይቻልም። ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር ከቆየም ይፈርሳል። ስለዚህ አልጋ ላይ ሆኖ «ሰርቪሱ የእሷ ነው» ማለት አይበቃም። ባልና ሚስትም በአንድ ወረቀት አብረው አይናዘዙ፤ ሕጉ አይቀበለውም። እናቶች፣ ወርቃችሁንና ንግዳችሁን በተመለከተ የራሳችሁን ኑዛዜ ጻፉ። ምስክሮቹ ከኑዛዜው የማይጠቀሙ ይሁኑ። ገጠር ያለ የእርሻ መሬት የራሱ ሕግ ስላለው ከቤቱና ከሱቁ ጋር ሳትቀላቅሉ ለብቻው ጠይቁ።

ዳኝነትን በተመለከተ፣ የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ተከራካሪዎች ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ተጠናክረዋል፤ የውርስ፣ የኑዛዜ፣ የሂባና የወቅፍ ጉዳዮችን ያያሉ። ብዙ ክልሎችም የየራሳቸው አላቸው። ቁልፉ ቃል «ፈቃድ» ነው። በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት በአንድ የውርስ ክርክር፣ ባለጉዳዮች ሳይፈቅዱ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የተሰጠው ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን እንደሚቃረን ወስኗል። ይህን ውሳኔ አንዳንዶች በቅሬታ ያነሡታል። እኔ ግን ለእኛ ምክር አድርጌ እወስደዋለሁ። እኅቱን ጎትቶ ሸሪዓ ፊት የሚያቆም ሰው ስለ ሸሪዓ አልተቆረቆረም። በመደበኛው ሕግ ወንድና ሴት ልጅ እኩል ይወርሳሉ። ኑዛዜ ከሌለና ልጆች ካሉ ግን እናትና አባት አይወርሱም፤ ሚስትም የጋራ ንብረቷን ከማውጣት በቀር ወራሽ አይደለችም። ሸሪዓው ለእነዚህ ድርሻ አለው። እኔ ያየኋቸው እኅቶች ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት የሄዱት እኩል ለማግኘት ሳይሆን ግማሹንም ስለከለከልናቸው ነው። በሸሪዓው ልክ ብንሰጣቸው ኖሮ ፈቃዳቸውን ለማግኘት አንቸገርም ነበር።

በመጨረሻ

እኚያ አባት ከአራት ሌሊት በኋላ ተመልሰው መጡ። ጂዳ ደውለዋል። ልጃቸው መጀመሪያ «አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው?» ብላ ደንግጣ ነበር። ቆይታ፣ «ሁለቱ ክፍል የእኔ ቢሆን፣ ስመለስ የምገባበት፤ ሌላው ለአንተ ነው» አለቻቸው። በደብተር ወረቀት ጽፈውታል። ትልቁ ልጃቸው የወር ደመወዝ ተቆርጦለታል። የሟች ወንድ ልጃቸው አንዲት ልጅ እንዳለችም ያን ጊዜ ነው የነገሩኝ፤ አያቷ ጋር ሻሸመኔ ነው የምትኖረው። ከሲሶው የተወሰነውን ለእሷ ጽፈዋል። «አሁን አራት ምስክር ፈልጉልኝ» አሉኝ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከዒድ በፊት አንድ ምሽት ከኢፍጣር በኋላ ቴሌቪዥኑን ዘግታችሁ ወረቀት አውጡ። ዕዳችሁን ጻፉ። የእናንተ ያልሆነውን ለዩ። ሚራስ የማይደርሰው ግን ዓይኑ በእናንተ ላይ ያለ ማን እንዳለ አስቡና ከሲሶው ቁረጡለት። ሩቅ ላለችው ልጃችሁ ደውሉ። ወራሾቻችሁን አላህ መርጧቸዋል፤ እነሱን ለእሱ ተዉለት።

አላህ ከየቲም ገንዘብ፣ ከእኅቶቻችን ሐቅ፣ ካልተጻፈ ዕዳ ይጠብቀን። ጾማችንን፣ ሶላታችንን ይቀበለን። አሚን።